የሮሊ ቫይኒ ስካነር

ኦገስት 14፣ ሰኞ

ከግንድ ቆራጮች ማኅበር ደብዳቤ ደረሰኝ። ኦክቶበር 14፣ በእርሻ ትርኢቱ ቀን፣ አዲሱ ትሪቡን ይመረቃል። ስሙ «የሮሊ ቫይኒ ትሪቡን» ይባላል። እኔ አቶል ፓይበስ በክብር ተጋብዣለሁ። በክብር!

ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩትና ጓሮ ወጥቼ እንጨት ፈለጥኩ። የሚፈለግ እንጨት ስለነበረ አይደለም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እ.ኤ.አ. 1981፣ የዋንጫው ፍጻሜ። በእኛ ጨዋታ፣ የተተከለ ግንዱን በመጥረቢያ ቆርጦ ቀድሞ የጣለ በሚያሸንፍበት፣ አስጀማሪው ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ደካማው በሦስት ወይም በአራት ተነስቶ መቁረጥ ይጀምራል፤ ጎበዙ የራሱ ቁጥር እስኪጠራ መጥረቢያውን ይዞ ይጠብቃል። ሮሊ በዘጠኝ፣ እኔ በአስራ አንድ። ከሁሉም መጨረሻ የምነሳው እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ የሚበልጥ አልነበረማ። አስራ አንድ ላይ ተነሳሁ፣ ግንዴም ከሁሉም ቀድሞ ወደቀ። ዳኛው ግን ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ዋንጫውን ለሮሊ ሰጠ። ሮሊም ተቀበለ። አስራ ሁለት ዓመት ባለሁለት እጀታ መጋዝ አብሮኝ የጎተተ ሰው፣ መሸነፉን እያወቀ ተቀበለ! ስጮህ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና «ተወው አቶል» አለኝ። እጁን ከላዬ ወረወርኩት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። ቤቱ ከቤቴ ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው።

አርባ ሁለት ዓመት። አሁን ደግሞ ትሪቡን።

ኦገስት 15፣ ማክሰኞ

እጄ ላይ ማስረጃ አለ። ባለፈው በጋ የሟቹ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ልጅ የአባቷን ዕቃ ጋራዧ ውስጥ ስትሸጥ፣ «1981 ግንድ ፍጻሜ» የሚል ፖስታ አገኘሁ። ውስጡ አንድ ረድፍ ኔጋቲቭ፣ አስራ ሁለት ፍሬም። ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው ሁለት ነጭ ጥላና ሁለት ግንድ ይታየኛል፤ የማን ግንድ ቀድሞ እንደወደቀ ግን በአጉሊ መነጽርም አይለይም። በስልክ አነሳሁት፣ ጭጋግ ሆነ። ከተማ ያለው ፎቶ ቤት ባለቤቱ የሮሊ እህት ልጅ ነው። በፖስታ ሜልቦርን ብልከው ቢጠፋስ?

ኖላን አማከርኳት። ሚስቴ ናት፣ ሃምሳ ዓመት አብረን ኖረናል። «አንተ ሰው፣ መጥረቢያውን ከሰቀልከው ሠላሳ ዓመት ሆነህ። አንተስ መቼ ነው የምትወርደው?» አለችኝ።

ኦገስት 19፣ ቅዳሜ

የማዘጋጃ ቤቱ የአሮጌ ዕቃ ማንሻ ሳምንት ነው። ሰው ሁሉ የማይፈልገውን ደጁ ሣር ላይ አውጥቶታል፤ የፈለገ እየመጣ ይወስዳል፣ ነውር የለውም። ለእኔ ግን ነውር ነበር፤ ምክንያቱም የሮሊ ደጅ ላይ፣ ከተሰበረ የአትክልት ወንበር አጠገብ፣ ስካነር አየሁ። ክዳኑ ወፍራም፣ ውስጡ መብራት ያለው። ኔጋቲቭ የሚያነብ ዓይነት!

በመኪና ሦስት ጊዜ አለፍኩ። በአራተኛው ባርኔጣዬን ዓይኔ ድረስ ስቤ ወረድኩና አፈፍ አድርጌ ወሰድኩት። ሲያስለኝ ደግሞ! አንድ ውሻ ጮኸ።

ኖላ ሳቀች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለች። ስርቆት አይደለም፣ ደጅ ላይ የወጣ ዕቃ ነው። ሮሊን በገዛ ስካነሩ ነው የማዋርደው። ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር አለ?

ኦገስት 20

ሰካሁት። አረንጓዴ መብራት በራ። ላፕቶፑ ዝም።

ኦገስት 22፣ ማክሰኞ

ቤተ መጻሕፍት፣ ዋንዳ ጋ ሄድኩ። ዋንዳ ድሮ የስልክ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበረች፤ አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ኮምፒውተር ያስቸገረውን ሽማግሌ ሁሉ ትረዳለች። ባለፈው ዓመት ላፕቶፔ አርጅቷል ተብሎ ሊጣል ሲል ሊኑክስ የሚባለውን የጫነችልኝ እሷ ናት። ማንም አይሸጠውም፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ተባብረው የሚሠሩት ነገር ነው።

ጥቁሩ መስኮት ላይ የሆነ ትእዛዝ ጻፈች። «አየኸው? ገመዱ ላይ አንድ ነገር መኖሩን አውቋል። ስካነር መሆኑን ግን አላወቀም። ደጅ ሰው መቆሙን እንጂ ማን መሆኑን አላወቀም።»

«እና አስተዋውቂያቸዋ!»

«ቀስ። ስንት ዓመቱ ነው ይሄ? የኔን ሁለተኛ ባል ያህላል።» ገልበጥ ልታደርገው ስትል መስታወቱ እንዳይሰበር ብዬ ከለከልኳት። «ምን ልታነብበት ነው?» አለችኝ።

«እውነቱን» አልኳት።

ኦገስት 24፣ ሐሙስ

ነገሩ ታወቀ። ይሄ ስካነር በጠፋ ቁጥር ማን እንደሆነ ይረሳል። በበራ ቁጥር ኮምፒውተሩ አንዲት ትንሽ ፋይል ሊያጎርሰው ይገባል። ፋይሏ ያለችው ስካነሩ ሲሸጥ አብሮት በመጣው ዲስክ ላይ ነው።

«ዲስኩ የት ነው?» አለች ዋንዳ።

«የዕቃው ባለቤት ጋ ይሆናል።»

«ጠይቀዋ።»

«ሮሊ ቫይኒን? እሱን ከምጠይቅ መጥረቢያዬን ብውጥ ይሻለኛል።»

ዋንዳ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ሁለታችሁም ሰባ አልፋችኋል» አለች። እሱ ሰባ ሦስት ነው፣ እኔ ሰባ አንድ። አልነገርኳትም።

ኦገስት 31፣ ሐሙስ

ዋንዳ የስካነሩን ቁጥር ሊኑክስ ተጠቃሚዎች በሚጠያየቁበት ገጽ ላይ ለጠፈች። የመጣው መልስ፦ «ወንድሜ፣ አዲስ ግዛ።» እኔም በራሴ ጣት መለስኩለት። ዋንዳ አየችና አጠፋችው።

ኖላ ስልክ ላይ ከእህቷ ጋር ስታወራ ሰማሁ። «ኧረ እኔስ ባይሠራለት ነው የምመርጠው… እህ… እኔም እኮ ያን ቀን እየቆጠርኩ ነበር።» ስገባ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች። ምን ስትቆጥር እንደነበር አልጠየቅኳትም።

ሴፕቴምበር 5፣ ማክሰኞ

የማኅበሩ ጸሐፊ ደወለ። በምረቃው ቀን አራት ሽማግሌዎች ለወጉ ያህል ግንድ ይቆርጣሉ፤ ሮሊ አንዱ ነው። አስጀማሪ ሆነህ ትቆጥርልናለህ ወይ አለኝ። «ማይክሮፎኑ አንተ እጅ ይሆናል፣ በመጨረሻም የትሪቡኑን ስም የምትጠራው አንተ ነህ።»

«ማነው እኔን ያሰበው?»

«ሮሊ ራሱ ነው ስምህን የጠራው።»

ድፍረቱ! እሺ አልኩ። አዎ እሺ። ማይክሮፎን በእጄ፣ አገር ምድሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ። ፎቶውን በር የሚያክል አድርጌ አሳትመዋለሁ። ከቆረጣው በኋላ፣ ስሙን ጥራ ስባል፣ ፎቶውን እዘረጋዋለሁ። «ይሄንን ሰውዬ እዩት፤ ግንዱ ገና አልወደቀም፣ ዋንጫ ግን ወስዷል» እላለሁ። ፊቱ ሲለወጥ ማየት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሴፕቴምበር 6

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። አስራ አንድ ላይ ነው የተነሳሁት። አስጀማሪው ወፍራም ድምፅ ነበረው፣ ጆሮዬም ደህና ነበር። ሕዝቡ ይጮህ ነበር እንጂ። ቢሆንም ሰምቻለሁ። አስራ አንድ ብሏል።

ሴፕቴምበር 14፣ ሐሙስ

ኢንቨርካርጊል፣ ኒውዚላንድ ያለ አንድ ሰው ለጥያቄያችን መልስ ሰጠ። ያው ስካነር አለው፤ ፋይሏን ላከልን! ስሙን እንኳ አላውቅም፣ እግዜር ይስጠው። ዋንዳ ፋይሏን ቦታዋ አስቀመጠች፣ አንዲት መስመርም አስተካከለች።

አልሠራም።

የፋይሏን ስም ስትጽፍ አንድ ፊደል ተሳስታ ነው። አረመችው። ላፕቶፑ ትንሽ አሰበና የስካነሩን ስም ከነሞዴሉ ጻፈ። አወቀው! ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጮህኩ። ዋንዳ «ሽሽሽ» አለችኝ፣ እሷም ግን ወንበሯ ላይ እየዘለለች ነበር። ቁልፉን ተጫንን።

ግርርርርር። ብረት የሚያኝክ ድምፅ። ከዚያ ቆመ።

ሴፕቴምበር 15

ግርርር። ቆመ።

ሴፕቴምበር 16

ሃያ ጊዜ ሞከርኩ። ያው ነው። ገባኝ፤ ሮሊ ከመጣሉ በፊት ሆን ብሎ አበላሽቶታል። ለእኔ ሲል። እባብ!

ሴፕቴምበር 18፣ ሰኞ

በጥፊ መታሁት። ስካነሩን ማለቴ ነው። ከዚያ ልጥለው አነሳሁና ተገለበጠብኝ። ከሥሩ በቴፕ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የሮሊን የእጅ ጽሑፍ የት ባየው አውቀዋለሁ፦

«መጀመሪያ መቆለፊያውን ክፈት፤ ሳይከፈት ከተነሳ ሞተሩ ይጎዳል። ዲስኩ ክዳኑ ውስጥ፣ ከነጩ ሰሌዳ ጀርባ ነው። ለኔጋቲቭ ጥሩ ነው። ሮ.ቫ.»

ከወረቀቱ አጠገብ አውራ ጣት የምታህል መቆለፊያ። በጥንቃቄ ተቆልፋለች። ነጩን ሰሌዳ ነቀልኩት፤ ዲስኩ በፖስታ ሆኖ እዚያው ተቀምጧል። አንድ ወር ሙሉ ውቅያኖስ ተሻግረን የፈለግነው ፋይል እጄ ስር ነበር።

ዋንዳን ስነግራት ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች። «ሰው ዕቃ ሲያገኝ መጀመሪያ ገልብጦ ያያል፣ አቶል! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!»

ስለ ኔጋቲቭ ግን ማን ጠየቀው?

ሴፕቴምበር 19፣ ማክሰኞ

አየሁት። አየሁት። አየሁት።

ከጨዋታው መጨረሻ ጀመርኩ፣ ከዘጠነኛው ፍሬም። መብራቱ ቀስ እያለ ሄደ፣ ምስሉም ከላይ ወደ ታች እየተገለጠ መጣ፤ ባርኔጣዎች፣ አጥሩ፣ ከዚያ የእኔ ግንድ። አናቱ ተቆርጦ በአየር ላይ ነው! የሮሊ ግንድ ገና ቆሟል፣ መጥረቢያው ውስጡ ተሰክቷል። እኔ ነኝ ያሸነፍኩት። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አላበድኩም ነበር!

አለቀስኩ፣ አልደብቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንተ ሮሊ፣ ቆይ ጠብቀኝ። ስምህን ከዚያ ትሪቡን ላይ በጥርሴ ነው የምነቅለው።

ኖላን ጠርቼ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። «ቆንጆ ነበርክ» አለች። «ሌሎቹንስ?»

«ሌሎቹ አያስፈልጉም።»

ሴፕቴምበር 21፣ ሐሙስ

ፎቶውን በትልቁ የምታትመው ዋንዳ ስለሆነች ኔጋቲቩንም ስካነሩንም ይዤላት ሄድኩ። ዘጠነኛውን ብቻ አልኳት። የስካነሩ ማቀፊያ ግን ረድፉን ሙሉ ነው የሚይዘው፤ ሁሉም ፍሬም አብሮ መጣ። እሷም ሴት ናትና ታያለች።

ሁለተኛውን ፍሬም አሳደገችው። «አንተ የትኛው ነህ?»

«በስተቀኝ ያለሁት።»

«ወይ ጉድ፣ ጸጉርም ነበረህ! ይሄኛውስ ሮሊ ነው? ቆይ፣ መጀመሪያ የሚነሳው ማን ነው አልከኝ?»

«ሮሊ። በዘጠኝ።»

«አንተ ከሱ በኋላ?»

«በአስራ አንድ።»

ስክሪኑ ላይ የእኔ መጥረቢያ ግንዱ ውስጥ ገብቷል፣ ፍላጩ ይበራል። ሮሊ አልተነሳም። መጥረቢያው ግንዱን ነክቶ አርፏል። አንገቱን አዙሮ እኔን ነው የሚያየው። አስጀማሪው ሰዓቱ ላይ አጎንብሷል። ከሮሊ በቀር ማንም እኔን አያይም።

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ ለምን ቆሟል?» አለች ዋንዳ።

«መብራቱ ነው። አሮጌ ስካነር ነው፤ ምስል ያዛባል።»

«መጥረቢያ አያዛባም፣ አቶል» አለችኝ። ዘጠነኛውን አተመችልኝ፣ ጠቅልላም ሰጠችኝ። ደህና ዋል እንኳ አላለችኝም።

ሴፕቴምበር 22

ሶፍትዌሩ ነው። ፍሬሞቹን አቀያይሯቸዋል።

ሴፕቴምበር 25

አላቀያየራቸውም። ጠርዙ ላይ ቁጥር አላቸው።

ሴፕቴምበር 28

ሮሊም ሊዘገይ ይችላል እኮ። ለምን እኔ ቸኮልኩ ይባላል? እሱ ዘግይቶ ቢሆንስ? ተኝቶ ቢሆንስ?

ኦክቶበር 3፣ ማክሰኞ

ኔጋቲቩን በኖላ መቀስ ቆረጥኩት። ከአንድ እስከ አራት ያሉትን እሳት ውስጥ ልክተት ብዬ ምድጃው ጋ ቆምኩ። አልከተትኳቸውም። የልብስ ስፌት ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ መቀሱንም ቦታው መለስኩ።

ዘጠነኛው አይዋሽም። ግንዱ ወድቋል። እሱን አሳያለሁ። የምጠየቀው ስለ መጨረሻው ነው፣ ስለ መጀመሪያው ማንም አይጠይቅም።

ኦክቶበር 9፣ ሰኞ

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሮሊ ያኔ እጁን አንስቶ ለዳኛው ቢናገር ኖሮ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ከቁጥሩ በፊት የተነሳ ሰው ይባረራል፤ ስሙም በየከተማው ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ግንድ ላይ አያቆሙትም። አላነሳም። ስጮህ፣ ዳኛውን ሌባ ስል፣ ሕዝቡ ከቦኝ ሳለ መጣና በጆሮዬ «ተወው አቶል» አለ።

እኔን ለመናቅ ነው ያለው። ለመናቅ ነው።

ደግሞ ፎቶውን ሲያይ ፊቱ ይለወጥ ብቻ። አምስት ቀን ቀረው።

ኦክቶበር 14፣ ቅዳሜ

ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ኖላ የዛጎል ዓሣ ፓይ ገዝታ ግማሹን ሰጠችኝ። ጥቅሉን ፎቶ ከወንበሬ ስር አስቀመጥኩ። አራቱ ሽማግሌዎች ነጭ ሱሪና ነጭ ካናቴራ ለብሰው ወጡ። ሮሊ ሆድ አውጥቷል። በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«ሠራልህ?» አለኝ። ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይሄ ነው።

«ምኑ?»

«ስካነሩ ነዋ። ሦስት ጊዜ በመኪና ስትዞር ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን እናይህ ነበር። ሚስቴማ ‹ቤንዚኑ ሳያልቅበት ውጣና አሸክመው› ብላኝ ነበር።»

«ደጅ ላይ የወጣ ዕቃ ነው» አልኩ።

«ላንተ ነው ያወጣሁት። የኔጋቲቩን ፖስታ የገዛኸው አንተ መሆንህን አገር ያውቃል። መቆለፊያውን ከፈትከው?»

«ከፈትኩት።»

«ሁሉንም አየህ?»

ጥቅሉን በእግሬ ከወንበሬ ስር ገፋ አደረግኩት። «ጥሩ» አለና ወደ ግንዱ ሄደ።

ወረቀቱን አነበብኩ፤ አንዱ በሦስት፣ አንዱ በአምስት፣ አንዱ በሰባት፣ ሮሊ ቫይኒ በዘጠኝ። መቁጠር ጀመርኩ። ድምፄ በድምፅ ማጉያው ሲመለስልኝ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሦስት አልኩ፣ አንዱ ተነሳ። አምስት። ሰባት። ስምንት።

«ዘጠኝ!»

ሮሊ አልተነሳም። መጥረቢያው ግንዱን ነክቶ አርፏል፣ አንገቱን አዙሮ እኔን ያየኛል። ልክ እንደ ሁለተኛው ፍሬም። ሕዝቡ ያልሰማ መስሎት «ሮሊ! ተጠርተሃል! ኧረ ቀስቅሱት!» እያለ ሳቀ። ጸሐፊውም ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም።

«አስር።»

አሁንም ያየኛል። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አስራ አንድ።»

ያኔ መጥረቢያውን አነሳ።

በመጨረሻ ነው የጨረሰው፣ እያለከለከ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነበር፣ ፎቶው እግሬ ስር። የትሪቡኑን ስም እንድጠራ ምልክት ሰጡኝ። ጥቅሉን አየሁት። ሕዝቡ መሐል ኖላ ቆማ ትጠብቃለች።

«የሮሊ ቫይኒ ትሪቡን» አልኩ። ጥቅሉን አልነካሁትም። ማይክሮፎኑን ለጸሐፊው ሰጠሁት።

ይሄ ውሻ ሁሉንም ያውቅ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት! አንድ ቃል ቢናገር እጨርሰው ነበር፣ ወይም እሱ ይጨርሰኝ ነበርና እንገላገል ነበር። ዝም አለ። ምሕረት ይሁን በቀል እስካሁን አልገባኝም፤ የሚያመኝ ግን እንደ በቀል ነው።

ቤት ስንገባ ጥቅሉን ከምድጃው አጠገብ አቆምኩት። ኖላ ካፖርቷን አወለቀች፣ ስፌት ሳጥኗን ከፈተች፣ የቆረጥኩትን ረድፍ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ስንት ላይ ነበር የተነሳኸው?» አለችኝ።

«አንቺ ቆጥረሽ የለ እንዴ?»

«ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

ረድፉን አንስቼ ወደ መብራቱ ያዝኩት። ጠበቀችኝ።

«ስምንት» አልኳት።

«ሰባት ነው» አለች፣ ሻይ ልታፈላም ሄደች።